የፈረሰው ቤት ካርታው ላይ አለ፤ የምንኖርበት የለም

ባለፈው ኅዳር፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አካባቢ፣ የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። «እማዬ ግፊቷ ተነሥቶባታል፤ አፏ እየተሳሰረ ነው፤ መኪና ላክልን» አለችኝ። እኔ የምኖረው በከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው። እኔ እስክደርስ ከሚጠብቁ ታክሲ ልጥራላቸው ብዬ ስልኬ ላይ ያለውን የትራንስፖርት አፕ ከፈትኩ። የላከችልኝን ሎኬሽን አስገባሁ። ሾፌር ተገኘ። «በ6 ደቂቃ ይደርሳል» ይላል። ተመስገን ብዬ ቁጭ አልኩ።

ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ሾፌሩ ደወለ።

«ወንድሜ፣ ሜዳ ላይ ነው የሚያሳየኝ። መንገድም የለውም። እዚያ ቤት አለ እንዴ?»

ቤትማ አለ። ሕንፃ በሕንፃ ነው። አክስቴ የካዛንችስ ሰው ናት። እዚያ ተወለደች፣ እዚያ ተዳረች፣ ባሏንም የሸኘችው ከዚያው ግቢ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሠፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ «የልማት ተነሺ» ተብላ ከተማው ዳርቻ ወደተሠራ አዲስ መንደር ገባች። ውኃ አለ፣ መብራት አለ፣ ጎረቤት አለ። ሾፌሩ በያዘው ካርታ ላይ ግን ያ ሁሉ የለም። ገርጣ ያለ ባዶ ቦታ ብቻ ነው።

ሾፌሩን በስልክ እየመራን፣ እሱም እየተሳሳተ፣ በመጨረሻ የጎረቤት ልጅ የስልኩን መብራት አብርቶ አስፋልት ድረስ ወጥቶ ተቀበለው። መኪናው በር ላይ ሲቆም ከጠራሁት 50 ደቂቃ አልፎ ነበር። አክስቴ ዛሬ በሕይወት አለች። ግራ እጇ ግን እንደ ድሮው አይታዘዛትም። በዚያ 50 ደቂቃ ምክንያት ነው ብዬ አልምልም፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን ስለዚያ 50 ደቂቃ ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ሊነጋ ሲል ያንኑ ካርታ ከፍቼ ካዛንችስን ፈለግሁ። አለ። የአክስቴ ቅያስ አለ። ከቅያሱ ጫፍ የነበረው ሱቅ ከነስሙ አለ። መሬት ላይ አንድ ድንጋይ ያልቀረለት ግቢ ስልኬ ውስጥ እንደ ቆመ ነው። ሰው የሚተኛበት ቤት ደግሞ የለም። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ነው።

* * *

ጉዳዩ ስላልገባኝ ሶፍትዌር የሚሠራ ጓደኛዬን ጠየቅሁት። እሱ ያስረዳኝን በራሴ ቋንቋ ላስቀምጠው፤ ነገሩ ከገባን ተጠያቂውን ማወቅ ቀላል ነው።

አፕ ውስጥ ካርታ የሚታይበት ሳጥን «ዊጄት» ይባላል። ዊጄት ማለት ስክሪን ላይ አንድ ሥራ እንዲሠራ ተበጅቶ የሚሰካ ዕቃ ነው። የምንጫነው ቁልፍ ዊጄት ነው፤ ቀን የምንመርጥበት ሰሌዳ ዊጄት ነው፤ የካርታው ሳጥንም እንደዚያው። አንድ ፕሮግራመር ይህን ሳጥን አፑ ውስጥ ለመትከል ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃዋል። ከሰዓት በፊት ጀምሮ ከምሳ በኋላ ሊጨርሰው ይችላል።

ሳጥኑ ግን ባዶ ነው። በራሱ ስለ ዓለም ምንም አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ትንንሽ ሥዕሎችን ከሩቅ ሰርቨር እየጠራ፣ እንደ መታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ጎን ለጎን መደርደር። እነዚህን ሥዕሎች የሙያው ሰዎች «ታይል» ይሏቸዋል። የተለመደው ታይል ጎኑ 256 ፒክስል የሆነ ካሬ ነው። ኢንተርኔት ሲያዘግም ካርታው በቁራጭ በቁራጭ ሲሞላ፣ ያልደረሰው ቦታ ግራጫ ካሬ ሆኖ ሲቆይ አይታችሁ ይሆናል። ያ ግራጫ ካሬ ገና ያልመጣ ታይል ነው።

ድርደራው ብልህ ነው። በዜሮ ዙም መላው ዓለም በአንድ ታይል ይገባል። አንድ ደረጃ ስንጠጋ ያ አንዱ ለአራት ይከፈላል፤ ቀጥሎ 16 ይሆናል፤ እያለ ይሄዳል። በ10ኛው ደረጃ የዓለም ታይሎች ቁጥር ከ1 ሚሊዮን ያልፋል። በ18ኛው ደረጃ ከ68 ቢሊዮን በላይ ነው። እያንዳንዱ ታይል የሚጠራው በሦስት ቁጥር ነው፤ የዙሙ ደረጃ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስንተኛ እንደሆነ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስንተኛ እንደሆነ። ለምሳሌ «10፣ 622፣ 486» ብላችሁ ብትጠሩ አብዛኛው አዲስ አበባ በአንድ ካሬ ውስጥ ይመጣላችኋል። ያ አንዱ ካሬ እስከ 18ኛው ደረጃ ሲቆራረጥ 65,536 ትንንሽ ካሬ ይሆናል። እዚያ ደረጃ ላይ አንድ ካሬ የሚሸፍነው ጎኑ 150 ሜትር ያህል የሆነ መሬት ነው። አንድ ጠባብ ቅያስ ከነግራ ቀኙ እንደ ማለት ነው።

የአክስቴ ድሮ ሠፈር አንድ ወይም ሁለት ታይል ነው። የአሁኑም እንዲሁ። ልዩነቱ አንደኛው ላይ የተሳለ ነገር መኖሩ፣ ሌላኛው ላይ አለመኖሩ ብቻ ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ። ካርታው ላይ የምናያት ሰማያዊ ነጥብና ከሥሯ ያለው ሥዕል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ነጥቧ የምትመጣው ከሳተላይት በሚደርስ የጂፒኤስ ምልክት ነው። የዚያን ሌሊት ነጥቧ አልተሳሳተችም፤ አክስቴ ያለችበትን በትክክል አሳይታለች። የጎደለው ከሥሯ ያለው ሥዕልና ሥዕሉ የተሠራበት የመንገድ መረጃ ነው። ሳተላይት ሰውየው የት እንዳለ ይናገራል እንጂ፣ እዚያ ለመድረስ በየት በኩል እንደሚገባ አይናገርም። መንገዱን ሰው ማስመዝገብ አለበት። የፈረሰውንም ሰው መሰረዝ አለበት። ካላስመዘገበና ካልሰረዘ፣ የፈረሰው እንደ ቆመ፣ የተሠራው እንዳልተሠራ ይቀጥላል።

* * *

ይህ ታይል የሚባል ነገር በሰፊው የተለመደው ጉግል ካርታውን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2005 ካወጣ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ የኢንተርኔት ካርታዎች ትንሽ ወደ ጎን ለመሄድ በተጫነ ቁጥር ገጹን እንደ አዲስ ይጭኑ ነበር። ታይሉ ሲመጣ ካርታን እየጎተቱ ማየት ተቻለ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አፕ ካርታ ከጀርባው ማንጠፍ ጀመረ።

ለረዥም ጊዜ የጉግልን ካርታ አፕ ውስጥ መትከል ለአነስተኛ ሥራ ነፃ ያህል ነበር። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 ጀምሮ ግን ክሬዲት ካርድ የተመዘገበበት የክፍያ አካውንት ግዴታ ሆነ፤ ብዙ ለሚጠቀምም ዋጋው ናረ። ክፍያው በዶላር ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ አፕ ለሚሠራ ወጣት ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አይጠበቅብኝም። የውጭ ምንዛሪ ካርድ የማግኘት ጣጣ ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ሌላው መንገድ ኦፕንስትሪትማፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ የጀመረው፣ በጎ ፈቃደኞች የሚሥሉት፣ ማንም አርሞ ማንም ሊጠቀምበት የሚችል የዓለም ካርታ ነው። ታይሎቹን በሚገባ የሚደረድር ነፃ መሣሪያም አለ። ስሙ ሊፍሌት ነው፤ ቭላዲሚር አጋፎንኪን የሚባል ዩክሬናዊ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ነው፤ ዛሬ ብዙ ድረ ገጾች ይጠቀሙበታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ነፃ የሆነው መስኮቱ ነው እንጂ ከመስኮቱ ባሻገር ያለው ዕይታ በራሱ አይመጣም። ከጉግል ከወሰድን ዕይታው የጉግል ነው፤ መቼ እንደሚያድሰው የሚወስነው እሱ ነው። ከኦፕንስትሪትማፕ ከወሰድን ዕይታው በጎ ፈቃደኞች የሣሉትን ያህል ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ ካልሣለው ባዶ ነው። የእኛ አፕ ሠሪዎች መስኮቱን ሰክተው «ካርታ አለን» ይላሉ። ያላቸው ግን ሌላ ሰው የሣለው፣ ሌላ ሰው ያስቀመጠው፣ ሌላ ሰው የሚያድሰው ሥዕል ነው።

* * *

«ታዲያ ከጀርባ ያለ ሥዕል ነው፤ ምን አስጨነቀህ?» የሚለኝ ይኖራል። የሚያስጨንቀኝ ከጀርባ በመሆኑ ነው። ከፊት ያለውን እንመረምራለን። ዋጋውን እናያለን፣ የሾፌሩን ስምና የመኪናውን ታርጋ እናያለን። ከጀርባ ያለውን ግን እንደ አየር እንቀበለዋለን።

ግንቦት 2011 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴራችን ድረ ገጽ ላይ አንድ የአፍሪካ ካርታ ተገኘ። ካርታው ሶማሊያን ከኢትዮጵያ ጋር ቀላቅሎ ያሳያል። ሶማሊያውያን ተቆጡ፤ ነገሩ የዓለም ዜና ሆነ፤ ሚኒስቴሩ ካርታውን አንሥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ከጀርባ ያለ ሥዕል የአንድ ጎረቤት አገርን ሕዝብ ሊያስቆጣ እንደሚችል ያን ጊዜ አይተናል።

ትልልቆቹ ድርጅቶች ይህን በደንብ ያውቁታል። ጉግል አከራካሪ ድንበሮችን እንደ ተመልካቹ አገር እየለየ ያሳያል። ካሽሚርን ከሕንድ ሆኖ የሚያይና ከሌላ አገር ሆኖ የሚያይ ሰው አንድ ዓይነት መስመር አያዩም። ካርታው ራሱ የሚዘረጋበት ዘዴም ነፃ አይደለም። መነሻው መርካቶር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1569 ለመርከበኞች ያወጣው ስሌት ነው። ዓለምን ወደ ካሬ ስለሚለውጥ ለአራት ለአራት ለመቁረጥ ይመቻል። ችግሩ ወደ ዋልታዎቹ በተጠጋን ቁጥር መሬቱን ያሳብጣል። ግሪንላንድ ስክሪኑ ላይ አፍሪካን ታክላለች፤ በእውነቱ አፍሪካ 14 እጥፍ ያህል ትበልጣታለች።

ስሞቹም እንዲሁ። ታይሉ ያለቀለት ሥዕል ከሆነ የሠፈሩ ስም በቀለም አብሮ የተጻፈ ነው፤ በምን ቋንቋ እንደሚነበብ የወሰነው ሥዕሉን የሠራው ሰው ነው፤ እኛ ልንለውጠው አንችልም። አዲሱ ዓይነት ታይል ግን ሥዕሉን ሳይሆን መረጃውን ይልክና ስልካችን ራሱ ይሥለዋል። ያኔ ስሙ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ይህ የሚሆነው ግን ስሙን በየቋንቋው መጀመሪያ ያስገባ ሰው ካለ ነው። ሁልጊዜ ወደዚያው እንመለሳለን፤ ሰው ካላስገባው የለም።

* * *

«እኛ በካርታ ሄደን አናውቅም፤ ጠይቀን ነው የምንሄደው» የሚል መከራከሪያም አለ። እውነት ነው። እኔም ያደግሁት «ከሆቴሉ ጀርባ፣ ከሙዝ ቤቱ ጎን፣ አረንጓዴ በር» በሚል አድራሻ ነው። የቤት ቁጥሩን ፖስተኛም አያውቀው። ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሰባራ ባቡር የሚሉ ስሞች የትም ሳይጻፉ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፉ ሰው ያደርሱ ነበር። ጥሩ ካርታ ነበር።

ግን ያ ካርታ የሚሠራው ምልክቱ ቆሞ እስካለ፣ የሚጠየቀውም ሰው እዚያው እስካለ ድረስ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፒያሳና ካዛንችስ የሆኑትን አይታችኋል። ሆቴሉ ፈርሷል፣ ሙዝ ቤቱ ተነሥቷል፣ አረንጓዴው በር ለብረት ተሽጧል። መንገድ የሚጠቁሙት ሽማግሌም ተነሥተው ሌላ ቦታ ሄደዋል። አዲሱ መንደር ደግሞ ገና ስም የለውም። ሕንፃዎቹ ይመሳሰላሉ። «ከምን ጎን?» ቢባል ምን ይባላል? የአፍ ካርታችን ከሠፈሮቹ ጋር አብሮ ፈርሷል፤ በቦታው የተተካ የለም። ልማቱን ደግፋችሁም ሆነ ተቃውማችሁ ይህን ማየት ትችላላችሁ።

* * *

ታዲያ ማን ምን ያድርግ? ሦስት አካል አለ።

አንደኛው የከተማ አስተዳደሩና ካርታ ነክ የመንግሥት ተቋማት ናቸው። አንድ ሠፈር ያለ ፕላን አይፈርስም፤ አዲስ መንደርም ያለ ፕላን አይሠራም። የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ የትኛው እንደተከፈተ የሚያሳይ ፋይል የግድ አንድ ቢሮ ውስጥ አለ። ይህን መረጃ መንገዱ በተከፈተ ቀን ማንም ሊጠቀምበት በሚችል መልክ ማውጣት ምን ይከብዳል? ባለፈው ጥር ለዘገባ ሥራ ብዬ አንድ ቢሮ ሄጄ የአንድ አዲስ መንደር የመንገድ ካርታ ጠይቄ ነበር። መጀመሪያ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ነፃ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ መሥሪያ ቤት የለኝም አልኩ። በመጨረሻ አንድ ቅን ሠራተኛ ወደ ጎን ወስዶ «ፋይሉ አለ፤ ግን ለውጭ ሰው አይሰጥም» አለኝ። የውጭ ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ። ካርታው የአክስቴ መንደር ነው።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ደኅንነት ነው ይባላል። ወታደራዊ ቦታ ይሸፈን፤ ማንም አይከራከርም። ነገር ግን የመንደር መንገድና የጤና ጣቢያ ቦታ ምሥጢር ሊሆን አይችልም። በሳተላይት ፎቶ ያ መንደር ከነጣሪያው ቀለም ይታያል። ማየት የሚፈልግ ጠላት ያየዋል። የማያየው አምቡላንስ ነው።

ሁለተኛው የአፕ ድርጅቶቹ ናቸው። ሾፌሮቻቸው ቀኑን ሙሉ ጂፒኤስ ከፍተው በከተማው ይዞራሉ። የትኛው መንገድ እንደተዘጋ ከማንም ቀድመው ያውቃሉ። አንድ ሾፌር ዛሬ «ሜዳ ነው» ያለበት ቦታ ላይ ሰው ጭኖ ከወጣ፣ እዚያ መንገድ እንዳለ ድርጅቱ አሁን አውቋል። ያን ዕውቀት ምን ያደርገዋል? ቢያንስ ሾፌሩ «እዚህ መንገድ አለ»፣ «ይህ ተዘግቷል» የሚልበት አንድ ቁልፍ ይኑር። ከነፃው ካርታ የሚወስዱ ደግሞ የሰው ስምና ጉዞ ሳይነኩ እርማቱን ለነፃው ካርታ ይመልሱ። ከማኅበር እንጀራ የበላ ተራው ሲደርስ ይጋግራል።

ሦስተኛው እኛ ነን። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ሄይቲን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታ፣ የዋና ከተማዋ የፖርቶፕሬንስ ካርታ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሳተላይት ፎቶ ከሥር አንጥፈው፣ መንገዱንና የተፈናቃይ ድንኳኑን አንድ በአንድ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ሣሉት። በጥቂት ሳምንት ውስጥ የከተማዋ የተሟላ ካርታ ተገኘ፤ የነፍስ አድን ሠራተኞችም ተጠቀሙበት። ያንን የሠሩት አብዛኞቹ ሄይቲን ረግጠው አያውቁም። እኛ የምንኖርበትን ሠፈር መሣል ያቅተናል?

ሌላም ጥቅም አለው። በዚህ አገር ኢንተርኔት እንደሚቋረጥ እናውቃለን፤ ትግራይ በ2013፣ አማራ ክልል በ2015 መጨረሻ አይተውታል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ታይሉን ከሩቅ የሚጠራ አፕ ግራጫ ካሬ ይደረድራል። ከኦፕንስትሪትማፕ የተሠሩ እንደ ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ ያሉ አፖች ግን ካርታውን ቀድሞ አውርዶ ስልክ ላይ ማስቀመጥ ያስችላሉ። ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም። ነጥቧም ሥዕሉም ይሠራሉ።

አንድ ከባድ ጥያቄ ሳልመልስ ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ይህን ሐሳብ ለአንድ ወዳጄ ሳካፍለው «ጨረቃ ቤት የሚኖረውስ? ካርታ ላይ ስታወጣው ለግሬደር አድራሻ እየሰጠኸው አይደለም ወይ?» አለኝ። ልክ ነው፤ መታየት ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም። መልሴ ይህ ነው። ለማፍረስ የሚመጣ አካል የእኛን ካርታ አይጠብቅም፤ የራሱ አለው። ቢሆንም የቤቱን ባለቤት፣ የግቢውን አጥር መሣል ግዴታ አይደለም። መንገዱን፣ የውኃ ቧንቧውን፣ ጤና ጣቢያውን እንሣል። ከዚያ በላይ ያለውን ነዋሪው ይወስን። ሠፈሩን የሚያውቀው እሱ ነው፤ የሚመጣበትንም የሚያውቀው እሱ ነው።

* * *

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከአክስቴ ልጅ ጋር መንደሩን በእግር ዞርን። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ አካውንት መክፈት ገንዘብ አይጠይቅም። መንገዱን እየተራመድን በስልክ መዘገብን፤ ማታ ኮምፒውተር ላይ የሳተላይት ፎቶ ከሥር አድርገን መስመሩን አሰመርን። ዋናውን መግቢያ፣ ሁለቱን ውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ፋርማሲውን፣ አንዲት ሴት በር ላይ የከፈተቻትን ሱቅ አስገባን። ሱቋን ሰው «ካዛንችስ ሱቅ» ነው የሚላት፤ ባለቤቷም ከዚያ የመጣች ናት። በዚያው ስም አስገባናት። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። በማግሥቱ ካርታውን ስከፍት ገርጣው ቦታ ላይ ነጫጭ መንገዶች ተዘርግተዋል።

ችግሩ አልተፈታም። ያን ሌሊት የጠራሁት አፕ ካርታውን የሚያመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ እዚያ መንደሩ አሁንም ሜዳ ነው። ዛሬ ማታ አክስቴን ቢያማት አሁንም የጎረቤት ልጅ መብራት ይዞ አስፋልት ይወጣል። ለዚህ ነው ከላይ ያሉትን ሁለቱን አካላት የጠራሁት። እኛ ብቻችንን የምንጨርሰው ሥራ አይደለም። የምንጀምረው ግን እኛ ነን።

ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ስልካችሁን አውጡና የምትኖሩበትን ቤት ፈልጉ። ቅያሳችሁ አለ? ስሙ ትክክል ነው? ከፈረሰ ሠፈር የመጣችሁ ከሆናችሁ የድሮውንም እዩት። ያገኛችሁትን ጻፉልኝ። መሣል የምትፈልጉ ካላችሁም እንዴት እንደሚጀመር በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚሁ ቻናል ደረጃ በደረጃ አሳያለሁ።

አዲሱን ካርታ ለአክስቴ ወስጄ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ፣ በደህናዋ እጇ ስልኩን ይዛ፣ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው።

«ይኼ የኛ ሕንፃ ነው?»

«አዎ።»

«ማነው የሣለው?»

«እኔና ልጅሽ።»

ትንሽ አሰበችና ስልኩን መለሰችልኝ። «በሉ እንግዲያው ከኋላ ያለውንም ብሎክ ጨምሩት። እነ እትዬም ስኳር አለባቸው።»